ሁለተኛው አለ

አለም ገና፣ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ፣ ከጎሚስታው ጀርባ፣
በከሰል ሻጯ አጥርና በደረቀው ቦይ መሀል ሲገባ፣
ቶሌራ ጋራዥ አለው፣ ጋራዥ ካሉት፤
አራት ቋሚ፣ ስምንት ቆርቆሮ፣ ዘይት የጠጣ መሬት።

አሮጌዋን ፒካፕ በሁለት ክሪክ አንስቶ፣
ከሆዷ ስር ጠፋ በጀርባው ተጎትቶ።
የሚታየኝ ሸራ ጫማው፣ የሚሰማኝ ድምፁ ነው፦
«ሁለተኛው ሰልባትዮ፣ እህቴ፣ ወንፊት ነው።
ዝገት ነው የምትጭኚው። አንዱ ብቻ ይቅር፤
ይሄ ሁሉ ቱቦ፣ ይሄ ሁሉ ፋሼታ ለማን ሊጠቅም ነበር?»

እሺ አልኩ። አፌ እሺ አለ።
እጄ ግን በተከፈተው በር ገብቶ
ያችን ጥቁር ማብሪያ እየዳበሰ ዋለ።
ወደ ላይ፣ ዋናው። ወደ ታች፣ ሁለተኛው።
ጽሑፏ ተፍቆ አልቋል፤
ያለሰለሳት የአባቴ አውራ ጣት ነው።

አባቴ አየለወርቅ፣ ከቱሉ ቦሎ ጤፍ ጫኝ፣
ወሬ የማይበዛው፣ ሲቸግረው እንኳ «ቸገረኝ»
ብሎ የማያውቅ ሰው፤
ማደያው ደርቆ ሾፌር ከሾፌር ሲናነቅ
«ሁለተኛው አለ» ነው መልሱ ለሚጠይቀው።
እናቴ ኪራይ ጎደለ ስትል፣ «ሁለተኛው አለ።»
ወንድሜ መመዝገቢያ አጥቶ ሲመለስ፣ «ሁለተኛው አለ።»
ምኑ? የቱ? ከየት? ማንም አልጠየቀ።
ቃሉ እንደ ዘር እህል ጓዳ ተቀመጠ፤
አልተፈጨ፣ አላለቀ።

አንድ የነሐሴ ሌሊት፣ ተፍኪ ላይ፣ ወዲያ ውሃ፣ ወዲህ ውሃ፣
መብራት የለ፣ መንደር የለ፣ እንቁራሪት የሞላበት በረሃ፤
ሞተሩ ሳለ። ደገመው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።
ቀስቷ ከቀዩ መስመር ወርዳ ተኝታ አየሁ፤ ፈራሁ ልናገር።
አባቴ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል ጣቱን ሰደደ፤
ቀጭ።
ቀስቷ ተንቀጠቀጠች፣ ተነሳች፣ ግማሽ ላይ ቆመች።
«አየሽ? ሁለተኛው ገባ። ተኚ።»
ተኛሁ።
የነቃሁት ሰበታ፣ ማደያ በር ላይ ነው።
ሞተሩ ጠፍቷል፤ እሱ መሪውን አልለቀቀም።
ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል።
ያኔ ዝናብ መስሎኝ ነበር።

«ነይ እስኪ እዪ» አለ ቶሌራ።
ተንበረከክሁ።
ቱቦው ተቆርጧል፤ ዛሬ አይደለም፣ ጥንት።
አፉ በእንጨት ውታፍ ተደፍኗል፣
በሰንጢ የተጠረበ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ።
ጨርቁ የኔ ዩኒፎርም ነው፤ የአንደኛ ክፍሉ፣ ሰማያዊው።
«ናፍጣ ካየ ሃያ ዓመት አልፎታል፣ ሽታውም የለ።
ሽቦውን ግን አልቆረጠውም፤
ጋላጃንቴው እዛው ዝጎ ቀርቷል።
ማብሪያዋን በጫንሽ ቁጥር ግማሽ ነው የምትልሽ፣
ባዶውን።»
ረዳቱ ምንተስኖት ሳቀ። ቶሌራ በክርኑ ጎሰመው።

«ሁለተኛው አለ» አለ አባቴ።
አለ እንጂ፣ አልነበረም።

ቁራሌው መጥቶ በእግሩ ነካው፤ ባዶው ጮኸ።
በኪሎ ነው የሚገዛው፣ ሚዛኑን አነሳ፤
ስድስት ነፍስ ያሳደገው፣ አሥራ አንድ ኪሎ ሆነ።
ተከራከርን። ሃምሳ ብር ጨምሮ ጫነው።
ውታፉን ምንተስኖት ወደ ጓሮ ወርውሮት ኖሮ
ከጎማ ክምሩ ስር ብፈልግ፣ ብፈልግ አጣሁት።

«ማብሪያዋስ?» አለ ቶሌራ፣ ካቻቢቴውን ይዞ።
«ንቀላት።»

አሁን አንድ ሰልባትዮ ነው፤ አንድ ቀስት።
ማደያ ስደርስ እሰለፋለሁ።
ትናንት ማታ ከቱሉ ቦሎ ስንመለስ፣ ተፍኪን ሳናልፍ፣
ልጄ ቀስቷ ስትወርድ አየቻት። ቀጥላ እኔን አየች።
ጣቴ ሳላዘው ሄደ፤
ማብሪያዋ በነበረችበት ቀዳዳ ነፋስ ይገባል።
«እማ፣ ያልቅብናል?»
«እንጃ። ሰበታ ሊያደርሰን ይችላል።
ካላደረሰን እንገፋለን።»
አልተኛችም።
ዓይኗን ቀስቷ ላይ ተክላ
አብራኝ ነዳች።